አንዴ ጠይቆ መተው

ዋግ ኽምራ ውስጥ አንዲት እናት ደጅ ላይ መረጃ ሰብሳቢ ቆሟል እንበል። መጠይቅ ይዟል። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ባለፉት 12 ወራት ቤተሰቡን ለመመገብ የተቸገራችሁት ስንት ወር ነው?» የሚል ነው። እሷ በጣቷ ትቆጥራለች። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ሰብሳቢው «3» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ለእሷ ይቺ ቁጥር የልጆቿ የክረምት ራት ናት። ለአጥኚው ከብዙ ሺህ መልሶች አንዷ ናት። ላለፉት 20 ዓመታት በገጠር ኢትዮጵያ ለችግረኛ ቤተሰብ ስንት ይሰጥ፣ በእህል ይሁን በብር፣ ለማን ይቅደም የሚለው ክርክር በአብዛኛው የቆመው እንዲህ ባሉ ቁጥሮች ላይ ነው።

«ጥናት ምን ይሠራል? መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። እውነት አለው። «አጥኚ ቡድን ተቋቁሟል» ሲባል ነገሩ ተዳፈነ ማለት ነው ብለን ለምደናል። ስለ ሴፍቲኔት፣ በየዓመቱ የሚቸገሩ ቤተሰቦችን አስቀድሞ ስለሚደግፈው ፕሮግራም፣ የተጻፈውን ሳነብ ግን ሌላም ነገር አየሁ። ጥናት የድሃውን ኑሮ የነካባቸው ጊዜያት አሉ። የነካው ግን አንዴ ጠይቆ ሲሄድ አይደለም። ያንኑ ቤት ተመልሶ ሲያንኳኳ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ እንጀምር። ያኔ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። አሠራሩ የቆየው ነበር። ዝናብ ይቀራል፣ መንግሥት ጥሪ ያሰማል፣ ስንዴ በመርከብ ይመጣል። ስንዴው እስኪደርስ ገበሬው ፍየሉንም በሬውንም ሸጦ ይጨርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚያርስበት የለውም። ከዚህ ተነስቶ አንድ ቀላል ሐሳብ መጣ። በየዓመቱ የሚቸገሩት ቤተሰቦች የሚታወቁ ከሆነ ለምን ድርቅ እስኪመጣ ይጠበቃል? አስቀድሞ፣ በየወሩ፣ ለብዙ ዓመታት ይሰጣቸው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2005 ተጀመረ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ጥናቶቹ የሚታወቁት በዚያ ነው።) ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ይዞ ተነሳ፤ ኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደረሰ። ጉልበት ያለው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ታስቦ ይሠራል። እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል። አቅመ ደካማው ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር።

ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ከያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጋር ሆኖ በ2006 መጠይቁን ይዞ ወረደ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖት ነበር። ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖት እና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ የጻፉት ውጤት አያስደስትም። በአማካይ ሲታይ በተጠቃሚዎቹ ኑሮ ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ ነው አሉ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይህ ውጤት ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ርዕሱ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። «ሴፍቲኔት አልሠራም» ይባላል። አንዳንዱ «ድሃ ገንዘብ ሲሰጠው ይሰንፋል» ይላል። ሌላው «ብሩ ተበላ» ይላል። ለጋሾች እጃቸውን ቢሰበስቡ ማንም አይገረምም ነበር።

አጥኚዎቹ ግን አማካዩ ላይ አላቆሙም። ለመሆኑ እያንዳንዱ ቤት ስንት ደረሰው ብለው ጠየቁ። የሚደርሰው ከታሰበው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቢያንስ ከታሰበለት ግማሹን ያገኘው ቤተሰብ ለብቻው ሲታይ የምግብ ሁኔታው በአንዳንድ መለኪያዎች በግልጽ ተሻሽሏል። ከሴፍቲኔቱ ጋር የግብርና ድጋፍ ያገኘው ደግሞ የተሻለ ዘር ይሞክራል፣ ለሥራ ይበደራል፣ አነስተኛ ንግድ ይጀምራል። ችግሩ ሐሳቡ ሳይሆን ክፍያው ነበር። መድኃኒቱን በግማሽ ሰጥቶ «አላዳነም» ማለት አይቻልም። ለሹሙ የሚጠቅመው ጥያቄም ተቀየረ። «ፕሮግራሙ ይቀጥል ወይስ ይቁም?» የሚለው ቀርቶ «ብሩ ወረዳ ላይ ለምን ይዘገያል? ለምን ይጎድላል?» የሚለው መጣ። ይህ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የተሽከርካሪና የባንክ ጉዳይ ነው። ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

አጥኚዎቹ በ2008 ወደነዚያው ቤቶች ተመለሱ። በ2010፣ በ2012 እና በ2014ም እንዲሁ። በ2008 ላይ ያልታሰበ ነገር ጠበቃቸው። የእህል ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። በ2005 ለ3 ኪሎ እህል ይበቃል ተብሎ የተተመነው 6 ብር ግማሹንም መግዛት አቃተው። ክፍያው ወደ 8 ብር፣ ኋላም ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ቀድሞ ሮጧል። ሬቸል ሳባቴስ ዊለር እና ስቴፈን ዴቨሩ የ2006 እና የ2008 መልሶችን አስተያይተው እህል ወይም እህልና ብር አደባልቀው ያገኙት ብር ብቻ ካገኙት የተሻለ እንደሄዱ አሳዩ። ተጠቃሚዎቹም እህል ይሻለናል ማለት አብዝተው ነበር። ጥሬ ገንዘብ ከእህል ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ በባለሙያዎች ዘንድ እየገነነ በነበረበት ሰዓት ገበሬው «የለም፣ ዘንድሮ እህሉን ስጡኝ» አለ። የብሩ ተመን ገበያን እያየ በየጊዜው ይፈተሽ የሚለው ክርክር ክብደት ያገኘውም ከዚህ ልምድ ነው።

በ2014 የታተመው ጥናት ደግሞ የረጅሙን ጊዜ ሒሳብ ይዞ መጣ። ጉሽ በርሄ እና ባልደረቦቹ 5 ዓመት ክፍያ ያገኙትን 1 ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር አወዳደሩ። 5 ዓመት የቆዩት ቤቶች የርሃብ ጊዜያቸው በዓመት 1.29 ወር አጠረ። ወደ 39 ቀን ማለት ነው። ሐምሌ በሙሉ ከነሐሴ መጀመሪያ ጋር። የእንስሳት ሀብታቸውም በባለሙያዎቹ መለኪያ በ0.38 አደገ። ሦስት አራት በግ ያህል ነው። ለከተማ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። የሚሸጥ በግ የሌለው ቤት ልጅ ሲታመም ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ግን ይገባዋል።

እንግዲህ አስቡት። ስለ አንድ ፕሮግራም በ2006 ተጠይቆ «ትንሽ ነው» ተባለ፤ በኋላ ተጠይቆ «39 ቀን ርሃብ ቀነሰ» ተባለ። ሁለቱም እውነት ናቸው። የተለያዩት የተጠየቀበት ጊዜና መንገድ ስለተለያየ ነው።

ከነዚያው ቤቶች መልስ የተነሳ ሌላ ጥናት ደግሞ መጥፎ ዜና አምጥቷል። በሴፍቲኔት ቤቶች የሚያድጉ ሕፃናት ቁመትና ክብደት አልተሻሻለም። ወላጅ የሚበላው ጨምሮ ልጅ አለማደጉ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ሲፈለግ የልጆቹ ምግብ ዓይነት አለመቀየሩ ታየ። እህሉ ጨምሯል፤ ጥራጥሬው፣ ዘይቱ፣ ፍራፍሬው ግን የለም። ብዙ እናቶች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አልተገናኙም። ከ2015 ጀምሮ በነበረው የፕሮግራሙ ምዕራፍ ነፍሰ ጡሮች እርግዝናቸው እንደታወቀ ድንጋይ ከመሸከም ወጥተው ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው በቀጥታ ድጋፍ እንዲቆዩ፣ በዚያ ጊዜም የጤናና የአመጋገብ ትምህርት እንዲከታተሉ ተወሰነ። ነፍሰ ጡር ሴት ገና ከጅምሩ እርከን ላይ ድንጋይ እንዳትሸከም መወሰን ጥናት ሊያስፈልገው ነው ወይ የሚል ይኖራል። የሚያሳዝነው ያስፈልገዋል። መንግሥት ቤት ውስጥ «ያሳዝናል» የሚለው ቃል በጀት አያስወጣም። ቁጥር ያስወጣል።

አንድ ነገር ግን ጥናቱ ቢናገርም ቶሎ አልተሰማም። «ምረቃ» የሚባለው ነው። ቤተሰቡ በጥቂት ዓመታት ራሱን ችሎ ከፕሮግራሙ ይመረቃል የሚል ተስፋ ከመጀመሪያው ነበር። ተስፋው ወደ ኮታ ሲቀየር አቅሙ ያልጠናውም «ተመራቂ» ተብሎ ወጣ። አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈውበታል። ግን ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሺህ አባወራ አስመረቅን» ማለት ደስ ይላል። ደስ የሚለው ቁጥርና እውነተኛው ቁጥር ሲጋጩ ማን እንደሚያሸንፍ ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። እዚህ ጋ በጣም የምወደው ታሪክ አለ።

የከተማ ሴፍቲኔት ሥራውን በ2017 ሲጀምር በ11 ከተሞች ለ604 ሺህ ሰው የታቀደ ነበር፤ አብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ። ማለዳ ላይ መጥረጊያ ይዘው መንገድ የሚያጸዱትን፣ የመንገድ ዳር ችግኝ የሚያጠጡትን እናቶች ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ፕሮግራሙ ሁሉንም ወረዳ በአንድ ጊዜ ማዳረስ አይችልም ነበር። ታዲያ ማን ይቅደም? በዕጣ ይሁን ተባለ። ዕጣ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኮንዶሚኒየም አስለምዶናል። ፍትሐዊ ነው፤ ማንም በዘመድ ቀደመ አይልም። ለአጥኚ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው።

ለምን መሰላችሁ? አንዲት እናት ዘንድሮ የተሻለ በላች ማለት ሴፍቲኔቱ ረዳት ማለት አይደለም። ልጇ ከአረብ አገር ብር ልካላት ይሆናል። ጎረቤቷ ሱቅ ከፍታ ቀጥራት ይሆናል። ድጋፉ ባይኖር ምን ትሆን እንደነበር ለማወቅ እሷን የመሰለች፣ ድጋፉን ግን ያላገኘች ሰው ማየት ያስፈልጋል። ዕጣ ይህን ያስገኛል። ዕጣው የወጣለትና ያልወጣለት ወረዳ የሚለያዩት በዕድል ብቻ ነው።

ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌማን አምበር፣ ግሩም አበበ እና ካሮሊና ሜሂያ ማንቲያ ይህን ተከታትለው በ2024 አሳተሙ። ፕሮግራሙ ተጠቃሚዎችን ሥራ ሰጥቷል፣ ሠፈሩንም አጽድቷል። ይህ ይጠበቃል። ያልተጠበቀው ሌላው ነው። የሠፈሩ ጉልበት ሠራተኛ የተወሰነ ጊዜውን ለሴፍቲኔት ሲሰጥ በግል ሥራ ላይ የሚሻማው ሰው ቀነሰ። ቀጣሪው ዋጋ መጨመር ግድ ሆነበት። ፕሮግራሙ ከተማውን ሁሉ ሲሸፍን የግል ዘርፉ ክፍያ 18.6 በመቶ እንደሚጨምር አሰሉ። ያልተመዘገበችው ልብስ አጣቢ፣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ቀን ሠራተኛም ተጠቀሙ ማለት ነው። ይህና የሠፈሩ መጽዳት ሲደመር ለድሃው የሚደርሰው ጥቅም የቀጥታው ብቻ ሲቆጠር ከሚታየው 6 እጥፍ ይሆናል። መረጃ ሰብሳቢው የተመዘገቡትን ብቻ ጠይቆ ቢመለስ ኖሮ ትልቁን ድርሻ ሳያየው ይቀር ነበር።

ሥራ አጥ ወጣቶች ላይ የተሠራውም እንዲሁ ነው። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ዳር የሚኖሩ ወጣቶችን ሥራ እንዳያገኙ የሚያግዳቸው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ርቀት ነው ወይስ አለመታወቅ? ሁለቱንም ሞከሩ። ለአንዱ ቡድን መሀል ከተማ መጥቶ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማየት የትራንስፖርት ብር ሰጡ። ለሌላው ሲቪ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት አስተማሩ፣ ችሎታውንም ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡት። ከዓመት በኋላ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ረድተዋል። ከ4 ዓመት በኋላ ሲመለሱ የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቷል። ሥልጠናውን ያገኙት ግን ገቢያቸው 20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። የታክሲ ብር ያልቃል። «ይህን እችላለሁ» ብሎ ማሳየት መቻል አብሮ ይኖራል።

የፋብሪካው ታሪክ በተቃራኒው ነው። ክሪስ ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን ከ5 ፋብሪካዎች ጋር ተስማምተው ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ አመልካቾችን በዕጣ ከፋፈሉ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌላው ወደ 300 ዶላር ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር፣ ለሦስተኛው ምንም። ፋብሪካ ከገቡት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመት ውስጥ ለቀቁ። የጤና ችግር የገጠማቸውም በዙ። ብር የተሰጣቸው በዓመቱ 33 በመቶ የበለጠ ያገኙ ነበር። በዚህ ብቻ ቢቆም መልሱ ግልጽ ነው፤ «ፋብሪካ ይቅር፣ ብር እንስጥ» ያሰኛል። ከ5 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ግን ሦስቱም ቡድኖች ተመሳሳይ ሆነዋል። የብሩም ጥቅም የፋብሪካውም ጉዳት ደብዝዟል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት የነበረውን ተስፋ አስታውሱ። አንድ ዓመት ብቻ አይቶ የኢንዱስትሪን ፖሊሲ የሚያወድስም የሚያወግዝም ይሳሳት ነበር።

አሁን የሚያሳስበኝ ይህ ተመልሶ የመጠየቅ አቅም እየሳሳ መምጣቱ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲፈቀድ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የ2008ቱ ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። የሴፍቲኔት የቀን ክፍያ ዛሬ ሰቆጣ ገበያ ላይ ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? ላሊበላስ? ይህን በየወቅቱ ወርዶ መጠየቅ ከመቼውም ይልቅ አሁን ያስፈልጋል። ገንዘቡ ግን እየቀነሰ ነው። ለሴፍቲኔት እህልም ለጥናትም ብዙ ያወጣ የነበረው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በ2025 ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በድርጅቱ ገንዘብ በብዙ አገሮች ሲካሄድ የኖረው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተስተጓጎለ። በ2000 ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 58 በመቶው የቀነጨሩ እንደነበሩ፣ በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 በመቶ መውረዱን ያወቅነው በዚህ ጥናት ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መሻሻሉ ዘገም ማለቱን የነገረንም እሱ ነው። የሕዝብ ቆጠራማ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አልተካሄደም። በ2011 ዓ.ም. ታቅዶ ተራዘመ፤ እንደተራዘመ አለ። ለአንድ ወረዳ ስንት ኮታ ይገባዋል ሲባል በ1999 ዓ.ም. በተቆጠረ ሕዝብ ላይ እየተገመተ ነው። በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ። ለዓመታት በተከታታይ ሲጠየቁ ከነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ በትግራይና በአማራ ክልል ነው ያሉት። ጦርነቱ መንገድ ዘግቷል፣ ሰው አፈናቅሏል።

በስልክ መጠየቅ ይቻላል የሚል መልስ አለ። እውነት ነው፤ ተሞክሯል። ኮሮና እንደገባ፣ ሰኔ 2020 ላይ፣ ክብሮም አባይ፣ ጉሽ በርሄ፣ ጆን ሆዲኖት እና ክብሮም ታፈረ ቀደም ሲል በአካል የተጠየቁ የገጠር ቤተሰቦችን በስልክ አገኟቸው። የምግብ ዋስትና ያጡ ቤተሰቦች ድርሻ በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ጨምሮ ነበር። ሴፍቲኔት ውስጥ ባሉት ላይ ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ ሆነ። ወረርሽኙ ገና ሳይረጋጋ ሴፍቲኔቱ እንደያዘ ታወቀ። ይህን ያህል ፈጥኖ መልስ ማግኘት ለወሳኝ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ስልኩ የሠራው ግን ከዚያ በፊት በእግር የሄደ ሰው ስለነበረ ነው። ቤቱን የሚያውቅ፣ ስሙን የመዘገበ፣ በፊት ምን ይበላ እንደነበር የጻፈ። ስልክም ያለው ሰው ነው የሚያነሳው። ኔትወርክ በሌለበት፣ ባትሪ ለመሙላት የሰዓታት መንገድ በሚኬድበት ቀበሌ ማን ይደውላል? ዋግ ኽምራ ላይ ወሮቹን በጣቷ የምትቆጥረዋን እናት ለማግኘት ዛሬም ያንን ተራራ ወጥቶ ደጇ ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እንደገና።